ግንቡ ዝም ያለ ለታ

ቅዳሜ ጠዋት አንዱን ቡናማ አንዱን ጥቁር ጫማ አጥልቄ ደረጃውን ስወርድ፣ ታላቅ እህቴ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"እግሮችሽ ተጣልተዋል እንዴ?" አለች።

ወደ ታች አየሁ። እውነትም። ተመልሼ ወጣሁና ሁለቱንም ጥቁር አድርጌ ወረድኩ፤ ጃንጥላዬን ረስቼ ደግሞ ወጣሁ። ከነቃሁ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ሻይ አፍልቼ ሳልቀምሰው ቀዘቀዘ። ፀጉሬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩ። አንድ ቦታ መቆም አቅቶኛል።

"የሆድሽን አውጪውና ተገላገይ" አለች እህቴ፣ ስፒል በጥርሷ እንደነከሰች።

"ሆዴ ውስጥ ምንም የለም።"

"ነገ ጠዋት ይሄዳል።"

እህቴ ትናንት የእናቱን ቀሚስ ለመለካት ትልቁ ቤት ሄዳ ነበር፤ ያየችውን ሁሉ አይታ መጥታለች። ማታ የስንብት እራት አለ። ሻንጣው መግቢያው ላይ ቆሟል። ባሕር ማዶ ያለ አሮጌ ከተማ እንዲጠግን ተቀጥሮ ለሦስት ዓመት ይሄዳል።

"ይሂድ" አልኩ። "መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።"

"ጨርቁን ለእኔ ተዪው፤ አንቺ ልብሽን ያዢ" አለችና መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። በአሮጌው ሰፈር አስጎብኚ ነኝ። ቢጫ ጃንጥላ ከፍ አድርጌ፣ ፊቴን ለጎብኚ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ፣ ወደ ኋላ እየተራመድኩ ስለፈልፍ እውላለሁ። ሰፈሩን በዓይኔ ሳይሆን በተረከዜ ነው የማውቀው። እህቴና እኔ የምንኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ መስኮቷ የሰው ጣሪያ በምታይ አንዲት ክፍል ነው።

እሱ የትልቁ ቤት ልጅ ነው፤ አሮጌ ሕንፃ የሚጠግን መሐንዲስ። ዝምተኛው እለዋለሁ። ሰው ፊት ቆሞ ሁለት ቃል ከተናገረ ላብ ያጠምቀዋል። እናቱን ደግሞ በሌለችበት እሜቴ እላታለሁ። በመኪና ስታልፍ ወይም መስኮቷ ላይ ስትቆም እንጂ በቅርብ አይቻት አላውቅም። ቢሆንም አስጎብኚ ምራት እንደማትፈልግ ለማወቅ መቅረብ አያስፈልግም።

ከቤታቸው ጓሮ፣ በድሮው የገበያ ግቢ ውስጥ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ረጅም ግንብ አለ። አንዱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ድንጋዩ ሹክ ብትሉ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው አጠገባችሁ የቆመ ያህል ይሰማችኋል። መሃል ላይ የውኃ ማጠራቀሚያ ቤት ስለተገተረ ሁለቱ ጫፎች አይተያዩም። ከሰፈሩ ሁሉ ጎብኚ የሚወደው እሱን ነው። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ፣ "ይህን ያሠራው ጠላቶቹን ሊሰልል የፈለገ ንጉሥ ነው" ስል ከድንጋዩ ውስጥ ቀስ ያለ ድምፅ፣ "ውሸት ነው፤ የእህል ነጋዴዎች ናቸው" አለኝ። ክው አልኩ። ሌላው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ስንጥቅ ሲመረምር የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ንጉሡን ከወሬዬ አስወጣሁት። እሱን ግን ከልቤ ማስወጣት አልቻልኩም።

አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተዋደድን። ከሥራ በኋላ እኔ በግቢው በር፣ እሱ በጓሯቸው እየገባን፣ እሱ እዚያ እኔ እዚህ ጫፍ ቆመን እናወራለን። ከእሜቴ መስኮት ለሚያይ አንድ ሰው ግንብ ተደግፎ ቆሟል፤ ሌላ ምንም የለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደህና ዋልሽ" ከማለት የማያልፈው ሰው፣ ግንቡ ላይ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል። "ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሳገላብጥ ውዬ ድምፅሽን ስሰማ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል" ያለኝ እዚያ ነው። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየዘለልኩ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ቁርጡን ጠየቅኩት። "ለእናትህ ነግረሃታል ወይስ አልነገርካትም? እኔ ከእንግዲህ ተደብቄ አልኖርም። ከወደድከኝ በፊት ለፊቱ በር አስገባኝ" አልኩ። ጆሮዬን ድንጋዩ ላይ ለጠፍኩ። ምንም። ደገምኩለት። ምንም። አንገቴን አስግጌ ከማጠራቀሚያው ቤት ወዲያ ሳይ ጥላው መሬቱ ላይ ተዘርግቷል። አለ። ቆሞ እየሰማ ዝም አለኝ።

ሄድኩ። ማታ ሲደውል ቁጥሩን ዘጋሁበት። ዓመት ሙሉ ያወራኝ ግንብ ላይ ዝም ያለኝ ሰው በስልክ ምን ሊለኝ ነው? ስልክ ይቅርታ ለመጠየቅ ይመቻል፤ እኔ የእሱን ይቅርታ ምን ላድርገው? ከዚያ ወዲህ መንገዴን ቀየርኩ። ጎብኚዎች ስለ ግንቡ ሲጠይቁኝ "እድሳት ላይ ነው" እላለሁ። ውሸትም አይደለም። የሚያሳድሰው ራሱ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ጎብኚዎቼ ጥቂት ነበሩ። ሲነታረኩ የሚውሉ አንድ ባልና ሚስት፣ ፎቶ ማንሳት የማይሰለቻቸው ሦስት ተማሪዎች፣ በመጨረሻም ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያደረገች አንዲት ሴትዮ። ሴትዮዋ ከኋላ ሆና ሰፈሩን ሳይሆን እኔን ታያለች። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ለመታየት የምመች አልነበርኩም።

በጨርቅ ነካሪዎቹ መንገድ ጀመርን። ሰማያዊና ቀይ ጨርቅ ከራሳችን በላይ ተሰቅሎ ውኃው ይንጠባጠባል። እዚህ ጎብኚ መሐረቡን ከቀለሙ ጋን ነክሮ መውሰድ ይችላል። ተማሪዎቹ እስኪነክሩ መታገሥ አቃተኝ፤ "ቶሎ፣ ቶሎ" እያልኩ አጣደፍኳቸው። የሰዓት ማማው ጋ ስንደርስ የመታጠቢያ ቤቱን ታሪክ ነገርኳቸው። መታጠቢያ ቤቱ ጋ ስንደርስ የምነግራቸው አጣሁ።

"ልጅቷ ዛሬ ልቧ እዚህ የለም" አለ ባልየው ለሚስቱ።

"ያንተም ልብ እዚህ ኖሮ አያውቅ" አለች ሚስቱ።

ከዚያ ትልቁ ቤት በር ደረስን። ይህን በር መዝለል አልችልም፤ ሰው ሁሉ ፎቶውን አይቶ ነው የሚመጣው። እንጨቱ ከላይ እስከ ታች የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። ሁለት ማንኳኪያ አለው፤ አንዱ ትልቅና ከባድ፣ አንዷ ትንሽና ቀጭን።

"ትልቁ ለእንግዳ ነው፣ ትንሿ ለቤተሰብ" አልኩ። "ትልቁ ጎርናና ነው፤ ሲሰማ ውስጥ ያለው ሰው ልብሱን ያስተካክላል፣ ወንበር ይጠርጋል። የትንሿ ድምፅ ግን ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። እሷ ስትሰማ ሰው እንደነበረ ሮጦ ይከፍታል።"

"አንቺስ የትኛውን ታንኳኪያለሽ?" አለች ባለ መነጽሯ።

"እኔ አላንኳኳም። ከውጭ ሆኜ ነው የማሳየው።"

"ሰምተሽው ሳታውቂ ነው እንዲህ የምታወሪለት?"

"አስጎብኚ እኮ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ያልተጋበዘበትን ቤት ነው" አልኩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። በዚህ መሃል አንዲት ሠራተኛ አበባ ይዛ ልትገባ በሩን ገርበብ ስታደርገው ሻንጣውን አየሁት። ትልቅ ቡናማ ሻንጣ፣ ቀበቶው የታሰረ። ጃንጥላዬን አንስቼ ወደ ኋላዬ ስራመድ ደረጃውን ስቼ ልወድቅ ነበር፤ ለዓመታት ስቼው የማላውቀውን ደረጃ።

ቀጥሎ የነጋዴዎቹ መማከሪያ ክፍል ነው። ግድግዳው በሙሉ ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ለብሷል። ሁልጊዜ እንደማደርገው መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ። ድምፁ እጄ ላይ ሞተ።

"ሱፉ ድምፁን ይውጠዋል" አልኩ። "ምሥጢራቸው በር ላይ ለሚያዳምጥ እንዳይደርስ ነው።" ይህን ስናገር ሐሳቤ ሻንጣው ላይ ነበር። የራሴን ቃል ራሴ አልሰማሁትም።

ስንወጣ ሴትዮዋ፣ "ሹክሹክታ የሚያደርሰው ግንብስ?" አለች።

"እድሳት ላይ ነው።"

"ቢሆንም እንየው።"

"እኛም የመጣነው ለእሱ ነው" አለች የነትራካው ሚስት። ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ። ምን ላድርግ? ጥርሴን ነክሼ ወሰድኳቸው።

ግንቡ መሃል መሃሉን አዲስ ኖራ ተለስኖ፣ በልስኑ ላይ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ጆንያ ተንጠልጥሎበታል። ኖራ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው ጆንያው ጠዋትና ማታ ውኃ የሚጠጣው። የዝምተኛው ጥብቅ ትእዛዝ ነው። ስለ እናቱ ሲያወራ ድምፁ የማይሰማ ሰው፣ ስለ ጆንያው ሲሆን ሠራተኞቹን ያንቀጠቅጣል።

ባልየውን በአንዱ ጫፍ፣ ሚስቱን በሌላው አቆምኩ። ከሚስትየዋ አጠገብ ሆኜ ጠበቅኩ። ሹክ አለች፤ ጆሮዋን ለጠፈች።

"ዝም አለኝ" አለች ጥቂት ቆይታ።

ባልየው ከማጠራቀሚያው ቤት ወዲያ ብቅ አለ። "ምነው ዝም አልሽኝ?" አለ ተቀይሞ።

"እኔ? ተናገርኩ እንጂ። አንተ ነህ ዝም ያልከኝ።"

"ሁለት ጊዜ 'የኔ ቆንጆ' ብዬሻለሁ። እግዜር ምስክሬ ነው።"

"ውሸታም። አርባ ዓመት ያላልከውን ዛሬ ልትል?"

"ዛሬ ብዬ ነበር" አለ ሰውየው፣ ፊቱ ቀልቶ። የእውነቱን ነበር። ሚስትየዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

ተማሪዎቹ ይስቃሉ። እኔ አልሳቅኩም። እግሬ ራሱ ወደ ግንቡ መሃል ወሰደኝ። እጄን ጆንያው ላይ ጫንኩ። ወፍራም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። እንደዚያ ክፍል ምንጣፍ። መቼ ነው የተሰቀለው? ቁርጡን የጠየቅኩት ዕለት። ከሥራ በኋላ ግንቡ ጋ ስመጣ ከአዲሱ ጆንያ የሚንጠባጠበው ውኃ ጫማዬን አርሶብኝ ተራግሜ ነበር። ድምፅ በሱፍ እንደሚዋጥ ለሰው ሁሉ ሳስተምር የምውል ሴት፣ ጆንያውን እያየሁት፣ ውኃውን እየረገጥኩት፣ ዝም ያለኝ እሱ ነው ብዬ ሄድኩ።

የግንበኞቹ መወጣጫ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሴትዮዋ ቀርባ ቆመች። "ምን ሆንሽ?"

"ጆንያው" አልኩ። በጣቴ አሳየኋት።

ባርኔጣዋን፣ ከዚያም መነጽሯን አወለቀች። ዓይኖቿ የእሱ ዓይኖች ነበሩ። ተነሥቼ ልቆም ስል በእጇ መለሰችኝ።

"ከሦስት ሳምንት በፊት ልጄ እራት ላይ 'አንዲት አስጎብኚ ላገባ ነው' አለኝ" አለች እሜቴ። "ሌሊቱን የምነግርሽን ሳዘጋጅ አደርኩ። ደህና አድርጌም አዘጋጅቼው ነበር። በማግሥቱ መጥቶ 'ጠየቅኳት፤ ዝም አለችኝ' አለ። እኔ እምቢ ልል ተዘጋጅቼ አንቺ ቀደምሽኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ምግብ አይበላ፣ ሰው አያናግር። የባሕር ማዶውን ሥራ የተቀበለው ሊሠራ ሳይሆን ሊርቅ ነው። የእኔን ልጅ የምትንቅ ምን ዓይነት ብትሆን ነው ብዬ ላይሽ መጣሁ።"

"አልናቅኩትም።"

"እና ለምን ዝም አልሽው?"

"አልሰማሁትማ። እሱም አልሰማኝም።" እንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። "እኔም ተናግሬ ነበር፣ እማማ። እሱ ነው ዝም ያለኝ ብዬ ነው የሄድኩት።"

እሜቴ ጆንያውን አየች፣ ጫፍና ጫፍ የቆሙትን ባልና ሚስት አየች። ብልህ ሴት ናት፤ የቀረውን ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"በይ ተነሽ፤ ሂጂና ንገሪው" አለች። "ክፍሉ ውስጥ ነው።"

"በዚያ በር ሳልጋበዝ አልገባም።"

"ትዕቢትሽስ ከየት የመጣ ነው?" አለች፤ ግን የተቆጣች አትመስልም። "እኔ ስጠራው እንደሆነ ሳምንት ሙሉ አልወጣም።"

"እኔ የሚያስወጣውን አውቃለሁ" አልኩ። ተነሥቼ መወጣጫው ላይ ወጣሁ፤ የመጀመሪያውን ጆንያ በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ችንካሩ ተነቅሎ ጆንያው ከነውኃው ላዬ ላይ ወረደ። ግቢው ውስጥ ይሠራ የነበረ ግንበኛ፣ "ኧረ ጆንያው ተነካ" ብሎ ጮኸ። ሁለተኛውንም አወረድኩ።

ሳይቆይ የጓሮው በር ተበርግዶ ተከፈተ።

"ማነው ጆንያውን የነካው!"

እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። እናቱም አታውቅ ኖሯል፤ ደረቷን ያዘች። በነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ እየሮጠ መጣ። ከዚያ እኔን አየኝ። የሚንጠባጠብ ጆንያ እንደ ሕፃን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ባለበት ቆመ።

"ግንቡ አላደረሰም" አልኩት።

"ምን?"

"የዚያን ቀን። ጆንያው ዋጠው። እኔ ያልኩትን አንተ አልሰማህም፤ አንተ ያልከውን እኔ አልሰማሁም።"

ግንቡን አየ፣ ጆንያውን አየ፣ እኔን አየ። ነገሩ እየገባው ሲሄድ ከፊቱ ላይ አነበብኩ። የተገለበጠ የኖራ ባልዲ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ራሴ ነኝ ያሰቀልኩት" አለ። "ጠዋት አሰቀልኩት። አመሻሽ ላይ መጥቼ ትዳር ጠየቅኩበት።"

"ምን ብለህ ነበር?"

ተነሣና በልማድ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ።

"ወደ ግንቡ አይደለም" አልኩት። "ወደ እኔ።"

ጎብኚዎቹ ቀርበው ቆመዋል። ተማሪዎቹ እንኳ ስልካቸውን አውርደዋል። ላቡ ከአረፋው ጋር እየተቀላቀለ በአንገቱ ሲወርድ አየሁ። አንጀቴን በላው፤ ግን አልማርኩትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝቼ ያላደርኩ እኔ ነኝ።

"ለእናቴ ነግሬያታለሁ ብዬ ነበር" አለ። "ደስ አላላትም፣ ግን ነግሬያታለሁ ብዬ ነበር። ተደብቀሽ መኖርሽ ሰልችቶኛል፤ እኔም ግንብ ማቀፍ ሰልችቶኛል ብዬ ነበር።" አንገቱን በክንዱ ጠረገ። "ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ። የጃንጥላሽ ጫፍ ይታየኝ ነበር፤ እያለሽ ዝም ያልሽኝ መሰለኝ። አሁንም እጠይቅሻለሁ።"

ቀኑን ሙሉ የምለፈልፍ ሰው ነኝ። በአንድ ትንፋሽ የሰፈሩን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዘልቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት።

"ይኸው፣ አሁንም ዝም አለች" አለች እሜቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ለቅሶ ሆነ። "እሺ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። "እሺ ነው። ያን ቀን ሰምቼህ ቢሆንም እሺ ነበር።"

መጥቶ ከነጆንያው አቀፈኝ። አረፋው ጉንጬ ላይ ቀረ። የኖራ ይሸታል፣ የሳሙና ይሸታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ተዋደን ምን እንደሚሸት አላውቅም ነበር።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" አለች እሜቴ ለነትራካው ሚስት።

"ሻንጣህስ?" አልኩት በጆሮው።

"ይፈታላ። ይሄ ኖራ ሳይደርቅ ጥዬው የትም አልሄድም።"

"ከደረቀ በኋላስ?"

"ከደረቀ በኋላ ብቻዬን አልሄድም" አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ግንቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ፀሐይ እየመታው ነው፤ ጆንያውን አምጡት።"

ሁላችንም ተረባረብን። ተማሪዎቹ ውኃ ቀዱ። ባልና ሚስቱ አንዱን ጆንያ ጫፍና ጫፍ ይዘው "በአንተ በኩል ዘንበል ብሏል"፣ "በአንቺ በኩል ነው" እየተባባሉ አነሡት። ሌላውን ከእኔ ጋር የያዘችው እሜቴ ናት። ውኃው በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ክንዷ ሲወርድ ዝም ብላ ያዘች። ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

"የስንብቱ እራት ቀርቷል" አለች ችንካሩን እያየች። "የተሠራው ምግብ ግን አይጣልም። እህትሽን ይዘሽ ነይ።"

"እሺ።"

"በትንሿ አንኳኪ።"

ከዚህ በኋላ በአንቱታ ነው የማወራቸው። እሜቴ ይህን ብለው እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ሄዱ። እኔ ጆንያውን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ እሱ መጥቶ ከእጄ እስኪቀበለኝ ድረስ።

ሊመሽ ሲል እህቴና እኔ ከተቀረጸው በር ፊት ቆምን። ጫማዬን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ አንድ ዓይነት ነው። እህቴ አንገትጌዬን አስተካከለች፣ መልሳ አበላሸች፣ ደግሞ አስተካከለች። እሷም ፈርታለች።

"አንኳኪ እንግዲህ" አለች።

ለዓመታት ስለዚህች ማንኳኪያ ያወራሁት አያልቅም። ቀጭን ናት፣ ጥርት ያለች ናት ብዬ ለስንት ሰው ነግሬያለሁ። እጄ ግን ነክቷት አያውቅም። ያዝኳት፤ ከገመትኩት ትቀላለች። አንድ ጊዜ መታሁ።

ድምፅዋ እኔ ከማወራላት ይበልጥ ያምራል። ከውስጥ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ የሚሮጥ እግር ሰማሁ። ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ ያጣው እግሬ እዚያ ደፍ ላይ ረጋ።